አሮጌ ትራክተር አልነሳ ሲል፦ ምርመራው ከበርሜሉ ይጀምር

በአርሲ ደጋ የስንዴ መዝሪያ ወቅት ጠባብ ነው። የሰኔው ጾም ሳይፈታ ማሳው ታርሶና ለስልሶ ካልተዘጋጀ የሐምሌው ዝናብ ገበሬውን ይቀድመዋል። በእነዚያ ሳምንታት የአጥቢያው ትራክተር ስምንት ቀን ቆሞ ቢውል የሚጎድለው የሰበካ ጉባኤው የኪራይ ገቢ ብቻ አይደለም። ተራ ይዘው የሚጠባበቁ ገበሬዎች፣ በሬ የሌላቸው መበለቶች፣ ጉልበታቸው የደከመ አረጋውያን መሬታቸው ጦም ያድራል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በናፍጣ የሚሠራ አሮጌ ትራክተር ጠዋት አልነሳ ሲል፣ ወይም በእርሻ መካከል ሲጠፋ፣ በምን ቅደም ተከተል ሊመረመር እንደሚገባ ነው። ዓላማችን ሰበካ ጉባኤን መካኒክ ለማድረግ አይደለም። ገንዘቡን የሚያወጣው ሰበካ ጉባኤው ስለሆነ ግን ለምን እንደሚያወጣው ማወቅ ይገባዋል።

አንድ ሰበካ ጉባኤ የወጪ ሰነዱን ሲያሳየን «ለካንዴላ መግዣ» የሚል ደረሰኝ አገኘንበት። ትራክተሩ ግን የናፍጣ ነበር፤ የናፍጣ ሞተር ደግሞ እሳት የሚረጭ ካንዴላ የለውም። ቀጥሎም የናፍጣ ፖምፓው ተፈትቶ ለጥገና ተልኳል፤ ሲመለስም ትራክተሩ አልተነሳም። በመጨረሻ የተገኘው ጥፋት በፊልትሮው ራስ ላይ የደረቀች አንዲት የመዳብ ሮንዴላ ነበረች። በእርሷ ሽንቁር አየር እየገባ ኖሯል። በዚህ መካከል የመዝሪያው ጊዜ አለፈ፤ ከገንዘቡም ይልቅ የከፋው፣ ምእመናኑ ሾፌሩን ናፍጣ ሸጧል ብለው መጠርጠር መጀመራቸው ነው።

የአርሲ ትራክተሮች ለምን አሮጌ እንደሆኑ የሚያስታውሱ ብዙ አባቶች አሉ። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ በአጭሩ ካዱ የሚለው፣ የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ ወደ ገበሬው ሲያቀርብ፣ ስንዴ አትራፊ መሆኑን ያዩ ባለርስቶችና ኮንትራት አራሾች ትራክተር ማስገባት አበዙ። ብዙ ጭሰኞችም በዚያው ምክንያት ከመሬታቸው ተነቀሉ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የባለርስትነቱ ዘመን አበቃ፤ ትራክተሩ ግን በመንግሥት እርሻዎችና በማኅበራት እጅ ቀጠለ። በ1970ዎቹ በናዝሬት የተቋቋመው የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ደግሞ የሶቪየቱን ቤላሩስ በአገሩ ላይ አበዛው። ዛሬ በየአጥቢያው ጥላ ሥር ቆሞ የምናገኘው ማሲ ፈርጉሰን፣ ፊያት ወይም ቤላሩስ የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። ይህን ታሪክ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ትራክተር በዚህ አገር ደሃውን ያፈናቀለበት ጊዜ ስለነበረ፣ የቤተ ክርስቲያን ትራክተር በቅድሚያ የማንን ማሳ እንደሚያርስ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ቢቀመጥ መልካም ነው እንላለን።

ወደ ሞተሩ እንመለስ። በቤንዚን ሞተር ውስጥ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው የካንዴላው እሳት ነው። በናፍጣ ሞተር ግን አቀጣጣዩ የተጨመቀው አየር ሙቀት ነው። ፒስተኑ የሳበውን አየር ከ16 እስከ 18 እጥፍ ያህል አጥብቦ ሲጨምቀው አየሩ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ በዚያች ቅጽበት ኖዝሉ ናፍጣውን እንደ ጉም አድርጎ ሲረጨው ያለ ምንም ብልጭታ ይቀጣጠላል። እንግዲህ የናፍጣ ሞተር እንዲነሳ ሦስት ነገር ይበቃዋል፦ በበቂ ፍጥነት መዞር፣ አየርን አጥብቆ መጨመቅ፣ አየርና ውኃ ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ናፍጣ በሰዓቱ ማግኘት።

ደጋው በዚህ ላይ የራሱን ጫና ይጨምራል። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በቆጂ ከዚያም ትበልጣለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ሞተሩ በእያንዳንዱ ስበት የሚያገኘው አየር ያነሰ ነው፤ ሲጨመቅም እምብዛም አይግልም። ፒስተኑና ቀለበቱ ያረጀ ሞተር ከቆላ ወጥቶ በኅዳር ብርድ በቆጂ ላይ ቢያድር ጠዋት መለገሙ የሚጠበቅ ነው። በቆላ ደኅና የነበረ ትራክተር «እዚህ መጥቶ ተበላሸ» የሚባለው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የደከመ ሆኖ ነው።

ማናቸውም ቁልፍ ከመነሳቱ በፊት አንድ ሰው ሞተሪኖውን ሲያዞር ሌላው የጭስ ማውጫውን ይመልከት። ይህ ምንም ወጪ የሌለው ምርመራ ነው፤ ነገሩንም ለሁለት ይከፍለዋል። ሞተሩ እየዞረ ከጭስ ማውጫው ምንም ካልወጣ ናፍጣው ወደ ሲሊንደሩ አልደረሰም ማለት ነው። ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፤ ግን አልተቀጣጠለም። ስለዚህ ነጭ ጭስ እያዩ ፊልትሮና ፖምፓ መፍታት ከንቱ ድካም ነው።

በቅድሚያ ጭስ የሌለበትን እንይ፤ ብዙው ችግር እዚህ ነውና። እዚህ ላይ የምንመክረው ናፍጣው በሚሄድበት መንገድ መከተል ነው፦ ከበርሜሉ ወደ ታንኩ፣ ከታንኩ ወደ ቧንቧው፣ ከዚያ ወደ ፊልትሮው፣ ወደ ፖምፓው፣ በመጨረሻም ወደ ኖዝሉ። የተለመደው አሠራር የተገላቢጦሽ ነው፤ ኖዝሉና ፖምፓው ውድ ስለሆኑ ጥፋቱም ከእነርሱ ዘንድ ይመስለናል።

የሞተር ማጥፊያው ገመድ ወደ ቦታው ተመልሷል ወይ? ብዙ አሮጌ ትራክተሮች የሚጠፉት በእጅ በሚሳብ ገመድ ናፍጣው ተቋርጦ ነው። ገመዱ ዝጎ ተስቦ ከቀረ ሞተሩ እስከ ማታ ቢዞር አይነሳም። የታንኩ መክፈቻ ተከፍቷል ወይ? የታንኩ ክዳን ትንፋሽ አለው ወይ? ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። በክዳኑ ላይ ያለችው ቀዳዳ በአቧራና በጭቃ ከተደፈነች ናፍጣው እየወረደ ሲሄድ በታንኩ ውስጥ አየር ያጥራል፤ ናፍጣውም መውረዱን ያቆማል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ትራክተሩ ጠዋት ይነሳል፣ ግማሽ ሰዓት ያርሳል፣ ይጠፋል፤ ትንሽ ሲያርፍ ደግሞ ይነሳል። ክዳኑ ሲከፈት አየር «ፉ» ብሎ ወደ ውስጥ ከገባ በሽታው ታውቋል፤ መድኃኒቱም ቀጭን ሽቦ ነው።

ከዚህ በኋላ የፊልትሮውን ማስተንፈሻ ቡሎን ጥቂት አላልቶ ሳቢዋን ትንሽ ፖምፓ በእጅ መግፋት ነው። በማሲ ፈርጉሰን 135 ላይ ባለው ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ሞተር ይህች ፖምፓ በሞተሩ ጎን ላይ ትገኛለች፤ በጣት የምትገፋ ትንሽ እጀታም አላት። እጀታዋ ላላ ብላ ምንም ካልገፋች ተበላሸች ብሎ መጣል አይገባም፤ ሞተሩን ጥቂት አዙሮ እንደገና መሞከር ነው፤ የካሙ ጥርስ ገፍቶ ይዟት ሊሆን ይችላልና። በቤላሩስ ላይ ደግሞ ከናፍጣ ፖምፓው ጎን የምትፈታ የእጅ መግፊያ አለች፤ ሥራው ሲያበቃ በደንብ ታጥብቃ መመለስ አለባት፤ አለዚያ ራሷ አየር ታስገባለች።

ናፍጣው አረፋ እየቀላቀለ ከወጣ አረፋው እስኪጠፋና ጠንካራ ፈሳሽ ብቻ እስኪሆን ድረስ ይገፋ፤ ከዚያ እየገፉ ቡሎኑን ማጥበቅ። ቀጥሎ በናፍጣ ፖምፓው አካል ላይ ያለውን፣ ከዚያም በላይኛው ክፍሉ ላይ ያለውን ማስተንፈሻ በዚሁ መንገድ መጨረስ ነው። በመጨረሻ ወደ ኖዝል የሚሄዱትን የሁለት ቧንቧዎች ዳዶ አላልቶ ሞተሩን ማዞር፤ ናፍጣ በየተራ ሲተፋ ዳዶዎቹን ማጥበቅ። ቅደም ተከተሉን መዝለል አይገባም፤ ከኋላ የቀረው አየር ወደፊት መምጣቱ አይቀርም።

እዚህ ላይ ለሁሉም የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። ከኖዝል የሚወጣው ናፍጣ ከ150 የከባቢ አየር ግፊት በላይ ስላለው ቆዳ በስቶ ይገባል። ማንም ሰው የሚረጭ ኖዝል ወይም የሚተፋ ቧንቧ ፊት እጁን እንዳያደርግ። ቁስሉ እንደ መርፌ ወጊት ትንሽ ቢመስልም በሰዓታት ውስጥ እጅ ሊያሳጣ ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መውሰድ ግዴታ ነው፤ ለሐኪሙም ናፍጣ በግፊት እንደገባ መናገር ያስፈልጋል።

አየሩ ከወጣ በኋላ ትራክተሩ ይነሳና በማግሥቱ እንደገና እምቢ ካለ አየር የሚያስገባ ሽንቁር አለ። ሽንቁሩ ከሳቢዋ ፖምፓ በፊት ከሆነ ናፍጣ ላያንጠባጥብ ይችላል፤ ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ ወደ ውጭ አያፈስምና። «ደረቅ ነው፣ አያፈስም» ተብሎ የሚታለፈው ለዚህ ነው። ከታንኩ በሚመጣው ቧንቧ ላይ ለጊዜው ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቱቦ ቢገጠም የሚያልፉት አረፋዎች በዓይን ይታያሉ። ተጠርጣሪዎቹ ብዙ ጊዜ የታወቁ ናቸው፦ የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ፣ ፊልትሮ ሲለወጥ ሳይቀየር የቀረ የጎማ ቀለበት፣ የደረቀ የመዳብ ሮንዴላ። መዳብ በተደጋጋሚ ሲጠብቅ ይጠነክራል፤ ከዚያ በኋላ ቢያጠብቁት አይደፍንም። አዲስ ካልተገኘ አሮጌውን በእሳት እስኪቀላ አግሎ ውኃ ውስጥ መንከር እንደገና ያለሰልሰዋል። የደብሩ ቅጥር ባለበት አካባቢ ያለ ባለ ወናፍ አንጥረኛ ሁሉ ይህን ያውቃል።

ሌላም ምልክት አለ። የሞተሩ ዘይት መጠን ሳይጨመርበት ከፍ ካለና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ፣ የሳቢዋ ፖምፓ ሽፋን ተቀድዶ ናፍጣውን ወደ ዘይቱ እያፈሰሰች ሊሆን ይችላል። ትራክተሩ ቢነሳም በዚያ ዘይት መሥራት የለበትም፤ የቀጠነ ዘይት ኩሽኔታውን ይበላዋል።

ነጭ ጭስ እየወጣ ለማይነሳው የሚጠየቀው ሌላ ጥያቄ ነው። ሞተሩ ቀስ ብሎ የሚዞር ከሆነ ጥፋቱ ከባትሪው ወይም ከኬብሉ ነው። የባትሪውን ራስ በሙቅ ውኃ ማጠብ፣ ዝገቱን መፋቅ፣ በተለይም ከሻሲው ጋር የሚያያዘውን የመሬት ኬብል ፈትቶ ማጽዳት ብዙ ጊዜ አዲስ ባትሪ ከመግዛት ያድናል። በፍጥነት እየዞረ ካልተነሳ ደግሞ በአየር መሳቢያው ላይ ያለችውን ማሞቂያ ማየት ነው። በማሲ ፈርጉሰን ላይ ቁልፉን በማሞቂያው ላይ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ይዞ ቆይቶ ማስነሳት ይገባል፤ ትዕግሥት የጎደለው ሾፌር ይህን አይጠብቅም። ማሞቂያው እየሠራ፣ ሙቅ ውኃ በራዲያተሩ ሲጨመር ብቻ የሚነሳ ከሆነ ሞተሩ አየር አጥብቆ መጨመቅ ተስኖታል። ያኔ የሚያስፈልገው ጥገና ትልቅ ስለሆነ ኮሚቴው ከክረምት በፊት ተቀምጦ ይወስንበት።

ጥቁር ጭስ የሌላ ነገር ምልክት ነው፤ ናፍጣው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል። ከውቂያ ወራት በኋላ የአየር ፊልትሮው በገለባ ታፍኖ ማግኘት የተለመደ ስለሆነ መጀመሪያ እርሱን ማጽዳት ነው።

አሁን ወደ በርሜሉ እንምጣ፤ ከላይ ከተነገረው ይልቅ ለሰበካ ጉባኤ የሚመለከተው ይህ ነው። ሾፌሩ የሚቀዳው የተሰጠውን ነው፤ ናፍጣውን የሚገዛው፣ የሚያስቀምጠውና የሚያወጣው ኮሚቴው ነው። ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ይዘቅጣል። ባለ 200 ሊትር በርሜል ከመኪና ወርዶ ወዲያው ከሥሩ ከተቀዳ ውኃውና ዝገቱ በመጀመሪያ ወደ ትራክተሩ ይሄዳሉ። በርሜሉ ሳይነቃነቅ አንድ ሙሉ ቀን ይረፍ፤ ጥቂት ዘንበል ተደርጎ ይቀመጥ፤ የመቅጃው ቱቦ ጫፍም ከሥሩ አንድ ጋት ያህል ከፍ ይበል። ሥር የቀረው በብርጭቆ ጠርሙስ ተቀድቶ ቢታይ ውኃው ከታች ተለይቶ ይቆማል፤ ለኮሚቴው አባላት ይህን አንድ ጊዜ ማሳየት ከብዙ ንግግር ይሻላል።

ውኃ ከውጭ ብቻ አይገባም። የአርሲ ሌሊት ቀዝቃዛ፣ ቀኑ ሞቃት ስለሆነ በግማሽ ጎደሎ ታንክ ውስጥ ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጤዛውን በታንኩ ግድግዳ ላይ ያስቀራል። ስለዚህ ታንኩ የሚሞላው ማታ ከሥራ በኋላ እንጂ ጠዋት አይደለም። የጋልቫናይዝድ ባልዲና በርሜል ለናፍጣ አይሆኑም፤ ዚንኩ ከናፍጣው ጋር እየተዋሐደ ፊልትሮና ኖዝል የሚደፍን ዝቃጭ ያወጣል። በጨርቅ ማጥለልም አንመክርም፤ ክሩ ይቀራልና ቀጭን ወንፊት ይሻላል። ርካሽ ነው ተብሎ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበትን ናፍጣ መግዛት ደግሞ ውሎ አድሮ ፖምፓውን ያስከፍላል። ፖምፓው የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ቅባት ነው፤ ነጭ ጋዝ ቅባት የለውም።

በርሜሉ የት ይቀመጥ? ቁልፍ ያለው ክፍል ዕቃ ቤቱ ብቻ በመሆኑ በርሜሉን እዚያ የሚያስገቡ አጥቢያዎች አሉ። አልባሳት፣ ዕጣን፣ ጧፍና የማዕጠንት ከሰል ባለበት ክፍል ነዳጅ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም። ቄሰ ገበዙ ይህን እምቢ የማለት ሥልጣን እንዳላቸው ሊታወቅ ይገባል። ከቅጽሩ ዳር፣ ከቤተ ልሔሙ እሳት ርቆ፣ ዝናብ የማያገኘው ትንሽ የቆርቆሮ መጠለያ መሥራት ያን ያህል ወጪ የለውም።

ስለ መጠርጠሩም አንድ ቃል እንበል። ሾፌሩን ከሐሜት፣ ገንዘብ ያዡንም ከጭቅጭቅ የሚያድነው ቀላል መዝገብ ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ታንኩ እስከ አንገቱ ይሞላል፤ ሥራው ሲያበቃ እንደገና እስከ አንገቱ ይሞላል፤ በሁለተኛው ጊዜ የገባው ሊትር የዚያ ቀን ፍጆታ ነው። ቀኑ፣ የማሳው ባለቤት፣ የተሠራበት ሰዓትና ሊትሩ ይጻፍ፤ ሾፌሩና አንድ የኮሚቴ አባል ይፈርሙ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትራክተሩ በሰዓት ምን ያህል እንደሚጠጣ በራሱ መዝገብ ይታወቃል። ፍጆታው ድንገት ከጨመረ ጥያቄው በመጀመሪያ ወደ ሞተሩ ይሂድ፦ የተደፈነ የአየር ፊልትሮ፣ የሚያንጠባጥብ ኖዝል ወይም ቧንቧ ይኖር ይሆን? ይህ ሁሉ ታይቶ ካልተገኘ በኋላ ነው ወደ ሰው የሚዞረው።

የውኃ መሳቢያ ወይም የመውቂያ ትንሽ የቤንዚን ሞተር ያላቸው አጥቢያዎች ካንዴላውን መመርመር ያለባቸው በዚያ ላይ ነው። ካንዴላውን ፈትቶ ከገመዱ ጋር እንደተያያዘ ብረቱን ከሞተሩ አካል አስነክቶ ማዞር፤ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ እሳቱ ደኅና ነው፤ ጥፋቱ ከካርቡራተሩ ወይም ከሰነበተ ቤንዚን ነው። ይህ ሲደረግ የፈሰሰ ቤንዚን በአካባቢው መኖር የለበትም።

ሁለት ነገር ግን ማንም እንዳያደርግ እንጠይቃለን። የመጀመሪያው መሬት ላይ ቆሞ በካቻቢቴ የሞተሪኖውን ሁለት ጫፍ አገናኝቶ ማስነሳት ነው። ትራክተሩ ማርሽ ላይ ከነበረ ወዲያው ይንቀሳቀሳል፤ ከጎማው ፊት የቆመውን ሰው ይረግጠዋል። ሁለተኛው የናፍጣ ፖምፓን በሜዳ መፍታት ነው። በውስጡ ያሉት ክፍሎች የሚገጣጠሙት በጥቂት የሚሊሜትር ሺኛ ክፍሎች በሚለካ ክፍተት ነው፤ አንድ የአሸዋ ቅንጣት ይበቃቸዋል። ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ተሞክሮ፣ ናፍጣ ወደ ፖምፓው ንጹሕ ሆኖ እየገባ ወደ ኖዝል ካልወጣ ብቻ፣ ፖምፓው ታሽጎ የመሞከሪያ መሣሪያ ወዳለው ባለሙያ ይላክ፤ ከመላኩም በፊት ምን ምን እንደተሞከረ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ።

ከውቂያ በኋላ ትራክተሩ ለወራት ሲቆም ታንኩ ሙሉ ሆኖ፣ የፊልትሮው ውኃ ተቀድቶ፣ የባትሪው ኬብል ተፈትቶ ይቀመጥ። በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ኬብሉ ተመልሶ ሞተሩ እስኪሞቅ ይሥራ። በግንቦት መጀመሪያ ላይ አንድ የናፍጣ ፊልትሮ ከነጎማ ቀለበቱ፣ ጥቂት የመዳብ ሮንዴላዎችና አንድ ሜትር የነዳጅ ቱቦ ተገዝተው በሾፌሩ ሳጥን ውስጥ ይግቡ፤ በሰኔ ሲፈለጉ አሰላ ድረስ ሰው መላክ ቀን ይፈጃልና።